«ሹመት ያዳብር» ከተባለ በኋላ፦ አዲስ የነርስ ኃላፊዎችን በቡድን ማሠልጠን

ጎበዝ ነርስ ስትሾም ሁላችንም ደስ ይለናል። «ሹመት ያዳብር» እንላታለን። በማግስቱ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ፣ የንብረት መዝገብና ባዶ የሮስተር (የሥራ ተራ ምደባ) ወረቀት ትረከባለች። ብዙ ጊዜ ሥልጠናው ይኸው ነው።

ከዚያ መከራው ይጀምራል። ትናንት አብረዋት ሌሊት ያደሩትን ጓደኞቿን ዛሬ «ለምን አረፈዳችሁ?» ማለት አለባት። ሐኪሙ ይጠራታል፤ አስታማሚ ይጮህባታል፤ ፋርማሲው «የለም» ይላታል፤ ማትሮኗ (የነርሶች ሁሉ አለቃ) ሪፖርት ትጠይቃታለች። ሰው መናገር ስለሚከብዳት የሁሉንም ሥራ ራሷ ትሠራለች። ጥቂት ወራት ቆይታ «ወደ ቦታዬ መልሱኝ» ብትል አይግረማችሁ። ሰንፋ አይደለም። ደም ሥር ፈልጎ ማግኘትና ሰው መምራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ትምህርት ቤት በደንብ ያስተማራት አንዱን ነው።

ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ላሉ ማትሮኖች፣ የሰው ኃይል አስተዳደርና የጥራት ክፍል ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ወንድ ኃላፊዎችም ብዙ ናቸው፤ ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ብቻ «እሷ» እላለሁ። ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው፦ ኃላፊነት በሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስላይድ በማየት አይለመድም። የሚለመደው ተመሳሳይ ጭንቀት ያለባቸው ጥቂት ሰዎች በየጊዜው ተገናኝተው፣ የራሳቸውን ዋርድ (የሕሙማን ማስተኛ ክፍል) ችግር ጠረጴዛ ላይ አውጥተው፣ አንድ ነገር ሞክረው ሲመለሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የአስተዳደር ምሁር ሬግ ሬቫንስ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ኃላፊዎች ጋር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ከለንደን ሆስፒታሎች ጋር የሠራው በዚህ መንገድ ነበር። ለእኛ የሚስማማው ርካሽ ስለሆነም ጭምር ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበርና ደብተር ካለ ይጀመራል።

1. ቡድኑን ሰብስቡ

ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ሲያንስ ደግሞ ሁለት ሰው ተረኛ በሆነ ቀን ቡድኑ ይፈርሳል።

ከተሾሙ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ምረጡ። ከተለያየ ክፍል ይሁኑ፦ ከውስጥ ደዌ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከሕፃናት፣ ከድንገተኛ፣ ከማዋለጃ። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ ሚድዋይፍ ናት ብላችሁ አትተዉአት፤ የሮስተር ጭንቀቷ ያው ነው። አለቃና የበታች ግን አንድ ቡድን ውስጥ አይግቡ።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ትልቅ ሆስፒታል ቡድን መሙላት አያስቸግርም። እንደ ደብረ ሲና ወይም አረርቲ ባለ ሆስፒታል ግን አዲስ ኃላፊዎች ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። በዙሪያው ካሉ ጤና ጣቢያዎች ኃላፊ ነርሶችን ጨምሩበት። ከመሐል ሜዳ ወይም ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ በየሁለት ሳምንቱ ደብረ ብርሃን ድረስ ሰው ማመላለስ ግን አይታሰብም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቡድን ያቋቁም። አመቻቾቹ እርስ በርስ በስልክ ይደዋወሉ።

2. ጊዜና ቦታ ቁረጡ

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ወር። በጠቅላላው 12 ስብሰባ ይወጣዋል።

ሰኞን ተዉት፤ የቅዳሜና እሑድ ውዝፍ የሚራገፍበት ቀን ነው። እኔ ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓትን እመርጣለሁ። የጠዋቱ ራውንድ (የሐኪሞች የታካሚ ጉብኝት) አልቋል፤ የማታ ርክክብ ገና ነው። ማትሮኗ የስድስት ወሩን ቀኖች አስቀድማ በደብዳቤ ታሳውቅ። ኃላፊዋ በሌለችበት ሰዓት ዋርዱን ማን እንደሚይዝም በስም ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ስልኳ በየአምስት ደቂቃው ይጮሃል፤ በሦስተኛው ስብሰባ ደግሞ ወንበሯ ባዶ ይሆናል።

የአበልን ነገር ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገሩ። በሥራ ሰዓት፣ በራሳችሁ ግቢ የሚደረግ ነውና አበል የለውም። ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያስፈልገውን የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ እንዲያስገኝ ግን እውቅና ካለው ሥልጠና ሰጪ ተቋም ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቡናና ቆሎ ይኑር። ቆሎ ጾም ለያዘውም ላልያዘውም ይሆናል። በረመዳን ግን ሰዓቱን ከሚጾሙት ጋር ተማክራችሁ አስተካክሉ።

3. የመጀመሪያው ቀን፦ ግምገማ እንዳይሆን

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቡድን የሚበላሸው እዚህ ነው።

እኛ አገር ሰው ተሰብስቦ ስለ ሥራ ሲወራ ወዲያው የሚታየን ግምገማ ነው። «የእገሌ ድክመት ይነሣ» የሚባልበት፣ ማስታወሻ የሚያዝበት። ያንን የለመደ ሰው አፉን አይከፍትም። ከከፈተም «በእኛ በኩል ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባ ሙሉ በሙሉ ለስምምነት ይዋል።

ሦስት ነገር ተስማሙ። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል። የሠራተኛም የታካሚም ስም አይጠራም። በስብሰባው የተነገረ ነገር በማንም የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ላይ አይውልም። ሦስተኛውን ማትሮኗ ራሷ መጥታ ትናገር፤ ከዚያ ትውጣ። አዎ፣ ትውጣ። ማትሮን የተቀመጠችበት ቡድን ውስጥ አዲስ ኃላፊ «አቃተኝ» አትልም። የዞናችን ከተሞች ትናንሽ ናቸው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ደብረ ሲና ጠዋት የተባለ ነገር ከሰዓት ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ሰዉ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ጊዜ ወሬ ከወጣ ቡድኑ አይድንም።

አመቻቹ ማን ይሁን? ልምድ ያላት፣ ከተሳታፊዎቹ በአንዷም ላይ አለቃ ያልሆነች ነርስ። ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲው የነርሲንግ መምህር ብታገኙ ጥሩ ነው። አብዝቶ የሚያስተምር ሳይሆን አብዝቶ የሚጠይቅ ሰው ፈልጉ።

ቀሪውን ሰዓት እያንዳንዷ «ከተሾምሽ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሣሽ ምንድን ነው?» ለሚለው ትመልስ። መልሶቹን ጻፉ። የቀጣዮቹ ስብሰባዎች ርዕስ ከዚያ ይወጣል። ከውጭ የመጣ ሞጁል ይዛችሁ አትጀምሩ።

4. ሁለቱን ሰዓት እንዴት እንደምትጠቀሙበት

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ባለፈው የተሞከረው የሚነገርበት ነው። ቀጥሎ 50 ደቂቃ የአንዷ ኃላፊ ችግር ይታያል። 40 ደቂቃ የአንድ ክህሎት ልምምድ ይደረጋል። በመጨረሻ 10 ደቂቃ ሁሉም እስከሚቀጥለው የምትሞክረውን አንድ ነገር በደብተሩ ላይ ትጽፋለች። አንድ ብቻ። ሦስት የጻፈች ሰው ምንም ሳትሞክር ትመጣለች።

በ50 ደቂቃው ውስጥ ጥብቅ ሕግ አለ። ባለጉዳይዋ በ5 ደቂቃ ችግሯን ትናገራለች። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ማንም ምክር አይሰጥም፤ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል። መጀመሪያ ላይ ይህ ሰውን ያስጨንቃል። ምክር መስጠት እንወዳለና።

ለምሳሌ አንዷ «ልጆቹ ቪታል ሳይን (ግፊት፣ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ) አይመዘግቡም፤ ቻርቱ ባዶ ነው» አለች እንበል። ወዲያው ከግራ ቀኝ «ማስጠንቀቂያ ጻፊባቸዋ!» ይመጣል። አመቻቿ ትገታለች፤ «በጥያቄ» ትላለች።

«የትኛው ሺፍት ላይ ነው የሚጎድለው?»
«ማታና ሌሊት።»
«ጠዋትስ?»
«ጠዋት ደህና ነው።»
«ማታ የግፊት መለኪያው የት ነው የሚቀመጠው?»
«እ... ከ11 ሰዓት በኋላ ከጎን ዋርድ ጋር በጋራ ነው የምንጠቀመው። የእነሱ ተበላሽቷል።»

በሦስት ጥያቄ ጉዳዩ ከሥነ ሥርዓት ወደ ዕቃ ተቀየረ። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ኃላፊዋ ሠራተኞቿን ታስቀይም ነበር፤ ቻርቱም ባዶ እንደሆነ ይቀር ነበር። ጥያቄው ሲያልቅ ባለጉዳይዋ ራሷ ምን እንደምታደርግ ትናገራለች። የሌሎች ሐሳብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መለያ አስለምዷቸው፦ በእጄ ያለው ምንድን ነው? በእጄ የሌለውስ? መድኃኒት ከአቅራቢ አለመምጣቱ በዋርድ ኃላፊ እጅ አይደለም። የዋርዱ መጠየቂያ ፎርም በሰዓቱ መሞላቱ ግን በእጇ ነው።

5. የሚለማመዷቸው ክህሎቶች

*ሮስተር።* በዚህ ጀምሩ። የሠራተኛ ፍቅርም ጥልም የሚመነጨው ከዚህች ወረቀት ነው። ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና ይህን ያስሉ፦ ዋርዱ 10 ነርስ አለው። አንዷ በወሊድ ፈቃድ፣ አንዱ በዓመት እረፍት ላይ ናቸው። 8 ቀሩ። ጠዋት 3፣ ከሰዓት 2፣ ሌሊት 2 ሰው ያስፈልጋል። በቀን 7 ተራ፣ በሳምንት 49 ተራ ማለት ነው። እያንዳንዱ በሳምንት 5 ተራ ቢሠራ 40 ይሸፈናል። 9 ይጎድላል።

ይህን ቁጥር በእጇ የያዘች ኃላፊና ያልያዘች ኃላፊ አንድ አይደሉም። ያልያዘችው ማትሮኗ ቢሮ ገብታ «ሰው አነሰኝ» ትላለች፤ «ሁሉም ጋ አንሷል» ተብላ ትወጣለች። የያዘችው «በሳምንት 9 ተራ ይጎድለኛል፤ በትርፍ ሰዓት ይሸፈን ወይስ ከሌላ ክፍል ሰው ይዋሰኝ?» ትላለች። ለዚህ መልስ መስጠት ግድ ነው።

ቀጥሎ ፍትሐዊነቱ ይታይ። በ4 ሳምንት 56 የሌሊት ተራ አለ፤ ለ8 ሰው ሲካፈል 7፣ 7 ይደርሳል። አንዷ 10 ሌሎች 4 ከደረሳቸው ኃላፊዋ ምክንያቱን መናገር መቻል አለባት። ሁለት አዲስ ተመራቂ ብቻቸውን ሌሊት አይመደቡ። በዓል ደግሞ የራሱ ደብተር ይኑረው፦ ዘንድሮ ገናን ያደረ የሚመጣውን ዓመት ገና ይረፍ። በይፋት በኩል፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ፣ ሠራተኛው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። ፋሲካን ሙስሊሞቹ፣ ዒድና አረፋን ክርስቲያኖቹ ቢይዙ ሁሉም ቤቱ ይውላል። ደስ የሚል መተሳሰብ ነው። ግን ጠይቃችሁና ተስማምታችሁ ይሁን፤ በግምት አትመድቡ።

*የሚከብድ ንግግር።* አዲስ ኃላፊ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ይህን ነው፤ በተለይ በዕድሜ የምትበልጣትን ነርስ መናገር። እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳብ አይጠቅምም። ሦስት ሦስት ሆነው ይጫወቱት፦ አንዷ ኃላፊ፣ አንዷ አንጋፋ ነርስ፣ አንዷ ታዛቢ። ስምንት ስምንት ደቂቃ፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ሲስተር፣ ለአምስት ደቂቃ ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር።»
«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»
«ሰኞና ረቡዕ ርክክቡ ካለቀ በኋላ ነው የገቡት። ረቡዕ ዕለት የሌሊቷ ተረኛ የእርስዎን ታካሚዎች ይዛ ቆየች፤ የ6 ቁጥሩም አንቲባዮቲክ አንድ ሰዓት ዘገየ። ምን ገጥሞዎት ነው?»
«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ቤት ሠርቻለሁ።»

እዚህ ጋ ሁለት ገደል አለ። አንዱ «ይቅርታ፣ ይተዉት» ብሎ መሸሽ ነው። ሌላው «ኃላፊዋ እኔ ነኝ» ብሎ መጋጨት ነው። መካከለኛውን መንገድ ይለማመዱ፦

«አውቃለሁ። እኔም ብዙ ነገር የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ለብቻችን ያነሣሁትም ለዚህ ነው። ጠዋት ላይ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?»

ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ ረጅም ይመስላል፤ ግን መልሱ የሚመጣው በእሱ ነው። ምናልባት የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ጠፍቶ ይሆናል። ለሁለት ሳምንት ከሰዓት ተራ በመቀየር የሚፈታ ነገር ነው። በመጨረሻ «እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ፤ በሚቀጥለው ዓርብ ተገናኝተን እንየው» ተብሎ ይታሰር።

ታዛቢዋ ሦስት ነገር ብቻ ትመልከት። ድርጊቱንና ቀኑን ጠቀሰች ወይስ «ሁልጊዜ ታረፍጃለሽ» አለች? ጠይቃ ዝም አለች? በስምምነት ዘጋች?

*ሥራ ማከፋፈል።* ሁሉንም ራሷ የምትሠራ ኃላፊ ሌሎቹን ታሰንፋለች፤ ራሷም ትታመማለች። ሥራ ከመስጠቷ በፊት አምስት ነገር ትጠይቅ፦ ሥራው የሚሰጥ ነው? የታካሚው ሁኔታ ይፈቅዳል? ሰውየው ይችለዋል? ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ በግልጽ ነግሬዋለሁ? መልሼ የማየው መቼ ነው? የሚረሳው ብዙ ጊዜ አምስተኛው ነው።

*ለሐኪም መደወል።* ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የመጣ ኤስባር የሚባል ባለ አራት ክፍል አነጋገር አለ፦ ሁኔታው፣ መነሻው፣ ግምገማዬ፣ የምፈልገው። «ዶክተር፣ ከውስጥ ደዌ ዋርድ ነው። የ4 ቁጥሩ አባት አተነፋፈሳቸው ፈጥኗል። ትናንት በሳንባ ምች የገቡት ናቸው። ኦክስጅናቸው ከ91 ወደ 82 ወርዶ ኦክስጅን ጀምሬላቸዋለሁ፤ እየባሰባቸው ነው። አሁን መጥተው ይዩልኝ።» ኃላፊዋ ይህን ራሷ ካወቀች በኋላ ለዋርዷ ነርሶች ታስተምር። በደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊት ከአልጋ የተነሣ ሐኪም የሚፈልገው አጭርና ግልጽ ቃል ነው።

6. ማትሮኗ ምን ታድርግ

ከቡድኑ ውጪ ትሁን አልኩ እንጂ ሥራ የላትም አላልኩም። በየሦስተኛው ስብሰባ መጨረሻ 20 ደቂቃ ትመጣለች። ቡድኑ በአንድ ገጽ የጻፈውን ጥያቄ ትቀበላለች፤ ለምሳሌ የግፊት መለኪያ ጥገና ወይም የሮስተር ክፍተት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ትሰጣለች። «አይሆንም» ቢሆንም መልስ ነው፤ ከምክንያቱ ጋር። መልስ አልባ ሁለት ጥያቄ ካለፈ ሰዉ «ወሬ ነው» ብሎ ይበተናል።

7. ለውጡን መለካት

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥልጠና መመዘኛ አራት ደረጃ አለው፦ ወደዱት? ተማሩ? አሠራራቸው ተለወጠ? ውጤት መጣ? ብዙ ሥልጠና የመጀመሪያው ላይ ይቆማል። እናንተ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ አተኩሩ። አዲስ ፎርም አትፍጠሩ። በዋርዱ ካለው መዝገብ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ምረጡ፦ ርክክብ በሰዓቱ የተጀመረባቸው ቀናት፣ ቪታል ሳይን ሙሉ የሆነባቸው ቻርቶች፣ አዲስ የአልጋ ቁስል የወጣባቸው ታካሚዎች። ከመጀመራችሁ በፊት የአንድ ወር ቁጥር ያዙ፤ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ድገሙት። በየዋርዱ 20 ቻርት በዘፈቀደ አንሥቶ መቁጠር ለዚህ ይበቃል። ዋርድ ከዋርድ ግን አታወዳድሩ። ድንገተኛና ሕፃናት አንድ አይደሉም፤ ማወዳደር ደግሞ ቡድኑን ወደ ግምገማ ይመልሰዋል።

የሠራተኞቹንም ቃል ስሙ። ያለ ስም በቁራጭ ወረቀት ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፦ «ኃላፊሽ ከሦስት ወር በፊት የማታደርገውን አሁን የምታደርገው ምን አለ?» እና «ብታሻሽለው የምትይው አንድ ነገር?» ወረቀቱን የምታነብበው ራሷ ኃላፊዋ ናት፤ ለሌላ አይሰጥም።

8. ቀጣዩ ቡድን

በአራተኛው ወር ከተሳታፊዎቹ ሁለቱን ለይታችሁ ስብሰባ እንዲመሩ አድርጉ፤ አመቻቿ ከጎን ትቀመጥ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ቀጣዩን ቡድን የሚያመቻቹት እነሱ ናቸው፤ የራሳቸው የበታች ሠራተኞች በሌሉበት። ነባሮቹ በሁለት ወር አንዴ መገናኘታቸውን ይቀጥሉ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። አዲስ ሹመት ሲመጣ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ለተሿሚዋ ከነባሮቹ አንዷን መድቡላት፤ የመጀመሪያዋን ሮስተር አብረው ይሥሩ።